አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፦ አጭር ጥሞና በሰውነትና በአእምሮ ላይ የሚያመጣው ለውጥ

በደሴ ከተማ ለጤና ባለሙያዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች የቀረበ ንግግር

ክቡራን አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ሥራችሁንና ገበያችሁን ትታችሁ፣ ከኮምቦልቻም የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ እስከዚህ ድረስ ስለ መጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ንግግሬን የምጀምረው ብዙዎቻችሁ ከምታውቁት ቦታ፣ ከደም ግፊት መለኪያ ክፍል ነው። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በየቀኑ ማለት ይቻላል የሚደጋገም አንድ ነገር አይ ነበር። ሰው ከደሴ ዳገቶች አንዱን ወጥቶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ ስለ ቤት ኪራዩ እያሰበ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ወዲያው ብንለካው ቁጥሩ ያስደነግጣል። ስለዚህ ደንቡ እንደሚያዘው ጀርባውን አስደግፎ፣ ሁለቱንም እግሮቹን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ክንዱን በልቡ ትክክል አድርጎ፣ ሳያወራ 5 ደቂቃ እንዲቆይ እናደርገዋለን። ከዚያ በኋላ ስንለካው ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ወርዶ እናገኘዋለን። በእነዚያ 5 ደቂቃዎች ውስጥ ክኒን አልዋጠም፣ መርፌም አልተወጋም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው።

እኔ ያንን ልዩነት ለረጅም ጊዜ የማየው እንደ መለኪያ ስሕተት ነበር። ሁለተኛውን ቁጥር ካርዱ ላይ እጽፍና የመጀመሪያውን እረሳው ነበር። ኋላ ላይ ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል በዚያ ሰው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሆነ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ዛሬ የማካፍላችሁም ይህን ጥያቄ ስከታተል ያገኘሁትን ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ሜዲቴሽን የሚባለውን ነገር አንዳንዱ ተመስጦ፣ ሌላው አርምሞ፣ ሌላው ደግሞ ጥሞና ይለዋል። ተመስጦ ሰው ራሱን ረስቶ ወደ ሌላ ዓለም መወሰዱን ያስታውሰኛል፤ አርምሞም በገዳም የሚኖሩ አባቶች በብዙ ተጋድሎ የሚደርሱበት ማዕርግ ነው። እኔ ጥሞናን መርጫለሁ፤ ምክንያቱም «በጥሞና አዳምጡ» ስንል ሰው ባለበት ቦታ ሆኖ፣ ንቁ ሆኖ፣ ልቡን እንዲሰበስብ መጠየቃችን ነውና። እዚህ ጥሞና የምለው አእምሮን ሆን ብሎ በአንድ ነገር፣ አብዛኛውን ጊዜ በትንፋሽ ላይ ማሳረፍን፣ ሐሳብ ሲሄድ መሄዱን ልብ ማለትንና ራስን ሳይቆጡ መመለስን ነው። አጭር የምለውም ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ያለውን ነው።

በወሎ ተቀምጦ ስለ ዝምታና ስለ ትንፋሽ የሚናገር ሰው ከእርሱ በፊት የነበሩትን ማክበር አለበት። እዚህ አገር ሙስሊሙ በተስቢሁ ዚክር ሲያደርግ፣ ክርስቲያኑ በመቁጠሪያው ሲጸልይ ኖሯል። የአምልኮ ዓላማ የደም ግፊት ማውረድ አይደለም፤ እኔም ሶላትንና ጸሎትን ወደ ጤና ልምምድ ዝቅ ማድረግ አልፈልግም። ነገር ግን የሰው ሳንባና ልብ በጸሎትም ጊዜ ሳንባና ልብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጣሊያናዊው ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ 23 ጤነኛ ሰዎች የካቶሊክን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን ሲደግሙ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ከሕንድ የመጣ የዮጋ ድጋም ሲያሰሙ ትንፋሻቸውንና የልብ ምታቸውን ለክተው ነበር። በቋንቋም በእምነትም የተራራቁት ሁለቱ ድጋሞች ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ አወረዱት። በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ እንደሚተነፍስ አስቡ። በአንገትና በደረት ባሉት ትላልቅ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ውስጥ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ሲል እየተሰማቸው ለአንጎል የሚነግሩ ነርቮች አሉ፤ በእነርሱ አማካይነት ልብ ለግፊቱ የሚሰጠው ምላሽም በሁለቱም ድጋሞች የሰላ ሆነ። እነዚያ ሰዎች የእኛን ተስቢህና የእኛን መቁጠሪያ አልለኩም፤ ስለ እኛ የሚነግሩን ውጤትም የለም። ቢሆንም ይህን ጥናት ባነበብኩ ጊዜ ሌሊት ተነሥታ ጣቷን በዶቃዎቿ ላይ የምታንቀሳቅስ አያቴን አስታወስኩ።

አሁን ወደ ሰውነት ልግባ። ሳያማክሩን የሚሠሩትን ብልቶቻችንን የሚያዝዘው የነርቭ ሥርዓት ሁለት ክንፍ አለው። አንደኛው፣ ሐኪሞች ሲምፓቴቲክ የሚሉት፣ አደጋ ሲመጣ ያነሣሣናል፤ ከኩላሊቶቻችን በላይ ካሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ሥራውን ያዘገያል። የሃርቫርዱ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን ከመቶ ዓመት በፊት አጥንቶ ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ የሚያዘጋጅ ምላሽ ነው ያለው ይህንን ነው። አደጋው ከቆየ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይከተላል። ሁለተኛው ክንፍ፣ ፓራሲምፓቴቲክ፣ አደጋው ሲያልፍ ያሳርፈናል፤ ዋናው መንገዱም ከአንጎል ግንድ ተነሥቶ በአንገት በኩል እስከ ልብ፣ እስከ ሳንባና እስከ ሆድ ዕቃ የሚወርደው ቫገስ የተባለው ነርቭ ነው።

ጅብ የመጣበት ሰው በመጀመሪያው ክንፍ ይድናል። ጅቡ ሲሄድ ሁለተኛው ክንፍ ተረክቦ ሰውየውን ያረጋጋዋል። የዘመናችን ሐሳቦች ግን እንደ ጅብ መጥተው የሚሄዱ አይደሉም። የኑሮ ውድነት፣ የልጅ ሥራ ማጣት፣ የዘመድ ወሬ መጥፋት ከእኛ ጋር ውለው ከእኛ ጋር ያድራሉ፤ ሰውነትም ጅቡ ደጅ እንደቆመ ቆጥሮ ለወራት ይወጠራል። በዚህ ምክንያት እንቅልፍ ይሸሻል፣ ራስ ይከብዳል፣ ጨጓራ ይቃጠላል፣ ግፊትም ከፍ ይላል። «ምንም በሽታ አልተገኘብሽም» ተብለው ከሕክምና የተመለሱ ብዙ እናቶች ይህን ሸክም ይዘው ነበር የሚመጡት፤ እያመማቸው እንዳላመማቸው መቆጠራቸው አሁንም ያሳዝነኛል።

ልብን «ቀስ በል» ብለን ማዘዝ አንችልም፤ የደም ሥርንም «ስፋ» ማለት አንችልም። ትንፋሽ ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ተኝተን ሳለን በራሱ ይሠራል፣ ስንፈልግ ደግሞ እኛ እንመራዋለን። አየር ወደ ውስጥ ስንስብ ልብ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ትንሽ ይዘገያል፤ በምናስወጣበት ጊዜ ቫገስ በልብ ላይ ያለው ሥልጣን ይበረታልና። በመካከላችሁ ያላችሁ ወጣቶች የእጃችሁን አንጓ ይዛችሁ በዝግታ ብትተነፍሱ ይህን በጣታችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ። እንግዲህ ትንፋሹን የሚያስወጣበትን ጊዜ ያስረዘመ ሰው፣ በቀጥታ ሊያዝዘው የማይችለውን ልቡን በዚህ በኩል ይደርስበታል ማለት ነው።

በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የወረደ ሁሉ ጎበዝ ሹፌር የሚያደርገውን ያውቃል። ፍሬን ላይ ብቻ ቆሞ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑ ይግልበታል፤ አዋቂው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል፣ ሞተሩ ራሱም መኪናውን ይይዝለታል። ጭንቀትን «አልጨነቅም» በሚል ቁርጠኝነት ብቻ ለመያዝ መታገል ፍሬን ላይ ብቻ እንደ መቆም ነው። ረጅምና ዝግ ያለ ትንፋሽ ማርሽ መቀነስ ነው።

አማርኛም ይህን ያወቀ ይመስለኛል። ሸክሙን ያወረደ ሰው «እፎይ» ይላል፤ ቃሉን ልብ ብላችሁ ብትሰሙት ራሱ የሚወጣ ረጅም ትንፋሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎችን በአራት ቡድን ከፍሎ በቀን 5 ደቂቃ ብቻ ለአንድ ወር ያህል አለማመዳቸው። አንደኛው ቡድን ትንፋሹን ሳይመራ እየተከታተለ በጥሞና ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ሦስቱ ልዩ ልዩ የትንፋሽ ልምምድ ያደርጋሉ። ከእነዚህ አንዱ በአፍንጫ ሁለት ጊዜ ደራርቦ ስቦ በአፍ ቀስ ብሎ ረጅም ማስወጣት ነበር፤ እኛ እፎይ የምንለው ዓይነት። በአራቱም ቡድኖች ጭንቀት ቀነሰ፤ በየቀኑ የሚሰማቸው መልካም ስሜት ከሁሉ በላይ የጨመረውና በዕረፍት ጊዜ ያለው አተነፋፈሳቸው የዘገየው ግን እፎይ ባዮቹ ነበሩ። አምስት ደቂቃ በቂ ነው ወይ ለሚሉኝ ሰዎች መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ከዚህ ቀደም ብሎም የተሠራ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሮበርት ኪት ዋላስና ኸርበርት ቤንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች 36 የጥሞና ልማድ ያላቸውን ሰዎች ለክተው ሰውነታቸው የሚጠቀመው ኦክስጅን በተቀመጡበት ጊዜ በጉልህ መቀነሱን አገኙ። ቤንሰን ካነን የገለጸው የመዋጋትና የመሸሽ ምላሽ ተቃራኒ የሆነ የማረፍ ምላሽ በሰው ውስጥ አለ ብሎ ያስተማረው ከዚህ ተነሥቶ ነው። ካነን በሠራበት በዚያው ሃርቫርድ ይህ መገኘቱ ደስ ይለኛል።

ስለ አእምሮ ስንናገር ቋንቋችን እንደገና ይረዳናል። እኛ ማስተዋልን «ልብ ማለት» እንላለን፤ ሐሳቡ የተበተነበትንም ሰው «ልቡ ሄዷል» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 2,250 አዋቂዎችን በስልካቸው አማካይነት በቀኑ ውስጥ በድንገት እየጠየቁ ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎቹ 47 በመቶ በሚሆነው ጊዜ እጃቸው ከሚሠራው ሌላ ነገር ያስቡ ነበር፤ ልባቸው በሄደበት ጊዜ ደግሞ ደስታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥሞና የሚሠራው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ብዙ ጊዜ «ሞክሬው ነበር፣ ሐሳቤ አልቆም ብሎኝ ተውኩት» ይሉኛል። የማንም ሐሳብ አይቆምም። ሐሳብ ሲሄድ ልብ ብሎ የመለሰ ሰው ልምምዱን አንድ ጊዜ ሠራ ማለት ነው፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ 40 ጊዜ የሄደበትና 40 ጊዜ የመለሰው ሰው 40 ጊዜ ሠርቷል። ይህን ሳያውቁ ተስፋ ቆርጠው የተዉት ሰዎች ቁጥር ስለሚያሳስበኝ አጥብቄ እናገረዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ዪ-ዩዋን ታንግ የተባለ ቻይናዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር 80 የቻይና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሾቹን በቀን 20 ደቂቃ ለ5 ቀን ጥሞና አስተማራቸው፤ ሌሎቹን ለዚያው ያህል ጊዜ ሰውነትን ዘና የማድረግ ልምምድ ብቻ ሰጣቸው። በአምስት ቀን ውስጥ የጥሞናው ቡድን ትኩረትን በሚለካው ፈተና በለጠ፤ ጭንቀቱና ድካሙም ቀነሰ። በቃል የሒሳብ ስሌት ካስጨነቋቸው በኋላ በምራቃቸው የተለካው ኮርቲሶልም ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። እዚህ ያላችሁ መምህራን ይህን ከፈተና በፊት ከሚንቀጠቀጡ ተማሪዎቻችሁ ጋር አያይዛችሁ እንድታስቡት እፈልጋለሁ።

ሕመምን በተመለከተ በግሌ ያስደነቀኝ ሌላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ፋደል ዘይዳንና ባልደረቦቹ 15 ጤነኛ ፈቃደኞችን በቀን 20 ደቂቃ ለ4 ቀን ብቻ አሠልጥነው፣ እግራቸው ላይ 49 ዲግሪ የሞቀ መሣሪያ እያሳረፉ የአንጎላቸውን ምስል አነሡ። በጥሞና ውስጥ ሳሉ የሕመሙ ብርታት በ40 በመቶ፣ የሕመሙ ምሬት ደግሞ በ57 በመቶ ቀነሰ። ሁለቱን መለየታቸውን ልብ በሉልኝ። በሥራ ዘመኔ የጉልበት ሕመም የነበራቸው አንዲት እናት «ሕመሙስ ይቻላል፤ ነገም እንዲሁ ነኝ የሚለው ሐሳብ ነው የሚገድለኝ» ብለውኝ ነበር። ያኔ የምመልስላቸው አልነበረኝም። ጥሞና ጉልበታቸውን አያድነውም፤ «ነገም እንዲሁ ነኝ» የሚለውን ግን እንደ ሐሳብ አይቶ ማሳለፍን ያስተምራል፤ ከምሬቱ ትልቁ ድርሻ ያለው በዚያ ሐሳብ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ወሰኑን ካልተናገርኩ እበድላችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሰፊ ግምገማ በ47 ጥናቶች የተሳተፉ 3,515 ሰዎችን ውጤት መርምሮ፣ የጥሞና ሥልጠና ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀል አገኘ፤ ከመድኃኒት ወይም ከአካል እንቅስቃሴ ይበልጣል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አላገኘም። በመጠኑ የሚለውን ቃል አክብሩት። የግፊት፣ የስኳር ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ከጥሞና በኋላ ጥሩ ስለ ተሰማችሁ ብላችሁ ክኒናችሁን አታቋርጡ። መለኪያ ክፍሉ ውስጥ በ5 ደቂቃ የወረደው ቁጥር ዳገት ሲወጣ ተመልሶ ይወጣል፤ ለዓመታት የጠነከረ የደም ሥርም በአንድ ሳምንት አይለሰልስም።

ጊዜም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ አንድ ጥናት ቀድሞ ልማዱ ያልነበራቸው ሰዎች በቀን 13 ደቂቃ ጥሞና ሲያደርጉ፣ የትኩረትና የማስታወስ ችሎታቸው፣ ስሜታቸውም የተሻሻለው በ8ኛው ሳምንት ነበር፤ በ4ኛው ሳምንት ሲለኩ ገና አልታየም ነበር። አንድ ወር ሞክሮ የተወ ሰው ፍሬው ሳይደርስ ትቶት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ በጥንቃቄ ልናገረው የምፈልገው በዚህ ከተማ ስላለ ቁስል ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባበት ወቅት ብዙዎቻችን ያየነውና የሰማነው አለ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ቤታቸውን ለቀው ወደ እኛ የመጡ ወገኖቻችን የተሸከሙት አለ። እንዲህ ያለ ነገር ያለፈበት ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል ሁልጊዜ ዕረፍት አያገኝም፤ አንዳንዱን ሰው ያየው ነገር ፊቱ ይደቀንበታል፣ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ይህ ድክመት አይደለም፤ የእምነት ማነስም አይደለም። አደጋን የመዘገበ አንጎል ጠባቂ ሆኖ ቀርቷል፤ ዓይን ሲጨፈን ጠባቂው ይበልጥ ይነቃል። እንዲህ ለሚሆንበት ሰው «ዝም ብለህ ታገሥ» ማለት ጉዳት ነው። ዓይኑን ገልጦ ይቀመጥ፤ የእግሩን መዳፍ መሬት ላይ ተጭኖ ይሰማው፤ ከፊቱ ያለውን የጦሳን ተራራ ወይም ግድግዳውን ይመልከት፤ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከባሰበትም ያቁም። ቅዠት የሚደጋገምበት፣ በትንሽ ድምፅ የሚበረግግ፣ ከሰው የሸሸ ሰው ካለ ብቻውን ከመሞከር ይልቅ ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር ይነጋገር። በእኛ ዘንድ የተጨነቀን ሰው «አብሽር» ማለት የቆየ ደግነት ነው፤ «አብሽር» ብለን ስናበቃ አብረነው ወደ ሐኪም ብንሄድ ደግነቱ ይሞላል።

ወደ አደራረጉ ልምጣ፤ እርሱ ብዙ ቃል አይፈልግም። ወንበርም፣ መደብም፣ ምንጣፍም ይሆናል። በደሴ ብርድ ጋቢ መደረብ ያስፈልጋል፤ የበረደው ሰውነት አያርፍም። ጀርባችሁን ሳትወጥሩ ቀና በሉ። ለሁለት ሦስት ደቂቃ በአፍንጫ ስባችሁ ከሳባችሁበት በሚረዝም ጊዜ ቀስ ብላችሁ አስወጡ፤ አየሩን ግን በግድ አታስጨንቁ፣ ራሳችሁን ካዞራችሁ ወደ ወትሮው ትንፋሽ ተመለሱ። ከዚያ ትንፋሹን ለራሱ ተዉትና አፍንጫችሁ ላይ ወይም ሆዳችሁ ላይ ተከተሉት። የባጃጅ ድምፅ፣ የጎረቤት ሙቀጫ፣ የልጆች ጫጫታ ይመጣል፤ ይምጣ፤ ሰምታችሁ ተመለሱ። ጸጥ ያለ ቦታ እስኪገኝ የሚጠብቅ የከተማ ሰው መቼም አይጀምርም።

ሰዓቱን ካለ ልማድ ጋር ማያያዝ ይረዳል። ከሱብሂ ሶላት ወይም ከማለዳ ጸሎት በኋላ ወዲያው ሳይነሡ መቆየት፣ ወይም የጀበናው ውኃ እስኪፈላ ያለውን ጊዜ ስልክ ሳይነኩ መቀመጥ ይቻላል። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች በፈረቃ የምትሠሩ ልጆቻችን የሌሊት ፈረቃ ጨርሳችሁ ስትገቡ ሰውነታችሁ እንደ ማሽኑ መሽከርከሩን አይተውም፤ ከመተኛታችሁ በፊት 10 ደቂቃ ብትሰጡት እንቅልፉ የሚቀርብ ይመስለኛል። ሹፌሮች ደግሞ መናኸሪያ ተራ ስትጠብቁ አድርጉት፤ መሪ ይዛችሁ በጭራሽ አታድርጉት።

ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት አብረን እንሞክረው። ሁለት ጣታችሁን በአውራ ጣታችሁ በኩል ባለው የእጅ አንጓችሁ ላይ አሳርፉና ምቱን ፈልጉ፤ ያላገኛችሁ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። አንድ ደቂቃ እንቆጥርና ቁጥሩን እንጽፋለን። ከዚያ 5 ደቂቃ እንቀመጣለን፤ መጨፈን የማትፈልጉ ዓይናችሁን ገልጣችሁ መስኮቱን እዩ። ሲያበቃ እንደገና እንቆጥራለን። የአንዳንዳችሁ ቁጥር ይወርዳል፣ የአንዳንዳችሁ ባለበት ይሆናል፤ የሆነውን እንደሆነ ጻፉት፤ ከሁለት ወር በኋላም እዚያው ወረቀት ላይ ሌላ ቁጥር ጨምሩበት። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።